ክዳኑ የተዘጋ ላፕቶፕ ለምን ይግላል? ፕሮሰሰሩን በደንብ ለማስተኛት

ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ላፕቶፑን ዘግቶ ቦርሳው ውስጥ ከትቶ በባጃጅ ፒያሳ የሚሄድ ተማሪ ብዙ ነው። ደርሶ ሲያወጣው ላፕቶፑ እንደ ምጣድ ግሏል፣ ባትሪውም ወርዷል። በዚያ ላይ መብራት ከጠፋ የዕለቱ ሥራ ቆመ ማለት ነው። ሰው ባትሪው ሞቷል ብሎ አዲስ ይገዛል። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የላፕቶፑ አንጎል፣ አለመተኛቱ ነው።

ድሮ ላፕቶፖች የሚተኙት ኤስ3 በሚባለው መንገድ ነበር። ፕሮሰሰሩ ይጠፋል፣ የተከፈተውን ሥራ የሚይዘው ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ ራሙ፣ ብቻ የያዘውን እንዳይረሳ ትንሽ ኮረንቲ ያገኛል። ከአዳዲሶቹ ብዙዎቹ የሚተኙት በኤስ0 ነው። በዚህኛው ፕሮሰሰሩ አይጠፋም፤ ሥራ ሲያጣ ደረጃ በደረጃ ወደ ጥልቅ እረፍት ይወርዳል። ሲ0 ሥራ ላይ ነው፣ ሲ1 ቀላል እረፍት ነው፣ በብዙ የኢንቴል ላፕቶፖች የመጨረሻው ጥልቅ ደረጃ ሲ10 ነው። ጥቅሙ ክዳኑን ስትከፍቱ ወዲያው መነሳቱ ነው። ጣጣው ደግሞ አንድ ያረጀ የዋይፋይ ድራይቨር (ዕቃውን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር) ወይም ሳይነቀል የቀረ ፍላሽ ታች ድረስ እንዳይወርድ ሊይዘው መቻሉ ነው። ስክሪኑ ጨልሟል፣ ውስጡ ግን ነቅቷል።

ስለዚህ መጀመሪያ የእናንተ በየትኛው እንደሚተኛ እዩ። ዊንዶውስ ላይ ሲ፣ ኤም፣ ዲ ብላችሁ ፈልጉና ጥቁሩን መስኮት በአድሚን (ራን አዝ አድሚኒስትሬተር በሚለው) ክፈቱ። በእንግሊዝኛ ፊደል ፓወር ብላችሁ ሲ፣ ኤፍ፣ ጂን አያይዛችሁ ጻፉ። ከዚያ ክፍት ቦታ፣ ስላሽ፣ ኤ። ኢንተር ስትጫኑ ማሽናችሁ የሚችላቸው የእንቅልፍ ዓይነቶች ይዘረዘራሉ፤ የማይችላቸውም ከነምክንያታቸው ከታች ይመጣሉ።

ኤስ0 ካላችሁ ያንኑ ትእዛዝ ድገሙና በኤ ፋንታ ስሊፕስተዲ ብላችሁ አያይዛችሁ ጻፉ። ሪፖርት ይወጣል፤ የት እንደተቀመጠ መስኮቱ ራሱ ይነግራችኋል። ያለፉት 3 ቀናት እንቅልፍ አንድ በአንድ ተዘርዝሯል። ባትሪ በብዛት የበላውን ተጫኑት። እኔ ቶሎ የማየው ኤችደብሊው የሚለውን ፐርሰንት ነው፤ ከእንቅልፉ ጊዜ ማሽኑ ምን ያህሉን በእውነት ጥልቅ እረፍት ላይ እንደቆየ የሚያሳየው እሱ ነው። ቁጥሩ ዝቅ ካለ ከሥሩ ዝርዝሩን ውረዱ። ብዙውን ጊዜ ያስቸገረው ዕቃ በስሙ ተጽፎ ይገኛል።

የዚያን ዕቃ ድራይቨርና ባዮሱን (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳውን ሶፍትዌር) ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ አድሱ። ባዮስ ስታድሱ ባትሪው ሞልቶ ቻርጀሩም ተሰክቶ ይሁን፤ መሃል ላይ ከጠፋ ማሽኑ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል። ባዮስ ውስጥ ሲ ስቴት የሚለውን ግን አትንኩት። እሱን ማጥፋት ፕሮሰሰሩን እረፍት መከልከል ነው። ኤስ3 የማይደግፈውን ማሽንም በሬጅስትሪ (በዊንዶውስ የውስጥ ቅንብር መዝገብ) አስገድዳችሁ ኤስ3 ለማድረግ አትሞክሩ። ተኝቶ መነሳት ሊያቅተው፣ ወይም ስሊፕ የሚባለው ነገር ራሱ ሊጠፋ ይችላል።

ረጅም መንገድ ሲሆን ሃይበርኔትን እመርጣለሁ። ከጎንደር ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሚኒባስ ውስጥ ቦርሳው ታፍኖ ሰዓታት ይቆያል። ሃይበርኔት ራም ላይ ያለውን ዲስክ ላይ ጽፎ ማሽኑን ያጠፋዋል። ሲነሳ ትንሽ ይዘገያል፣ ሥራችሁ ግን ካቆማችሁበት ይቀጥላል፤ ባትሪው በመሃል ቢያልቅም አይጠፋም። ኮንትሮል ፓነል ገብታችሁ ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ክዳን ሲዘጋ ምን ይሁን የሚለውን ክፈቱና በባትሪ ሥር ሃይበርኔት አድርጉት። ምርጫው ከሌለ በጥቁሩ መስኮት ያንኑ ትእዛዝ ጽፋችሁ ከስላሹ ቀጥሎ ኤች፣ ክፍት ቦታ፣ ኦን በሉት።

ሲነሳ ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ከቀረ ቶሎ አታጥፉት። የዊንዶውስ፣ የኮንትሮል፣ የሺፍትና የቢ ቁልፎችን አንድ ላይ ተጫኑ፤ የስክሪኑ ድራይቨር እንደ አዲስ ይነሳል። እሱም ካልሠራ ፓወሩን ተጭናችሁ እስኪጠፋ ያዙ። ለማንኛውም ከአንድ ሌሊት በኋላ ሪፖርቱን እንደገና አውጡና ፐርሰንቱን ከበፊቱ ጋር አስተያዩ።