እርጥበት ማስወገጃ ከመግዛት በፊት፦ በአሮጌ ሕንፃ ያሉ ቅርሶችን ስለ መጠበቅ

በአሮጌ ሕንፃ ውስጥ ብራና፣ ሥዕል ወይም የእንጨት ዕቃ የሚጠብቅ ሰው ሻጋታ ባየ ማግስት የሚያስበው እርጥበት ማስወገጃ ማሽን ስለ መግዛት ነው። ማሽኑ ግን የመጨረሻ አማራጭ ሊሆን ይገባዋል፤ አሸንዳው ተደፍኖ ውሃ በግድግዳው ላይ እየወረደ ማሽኑ ሌት ተቀን ቢሠራ፣ ግድግዳው የሚተፋውን ውሃ ከመቅዳት አያልፍም።

ስለዚህ በዝናብ ሰዓት ዣንጥላ ይዘው ሕንፃውን ይዙሩ። አሸንዳው የት ሞልቶ እንደሚፈስ፣ ጎርፉ ከግድግዳው ሥር የት እንደሚተኛ፣ የውጭው መሬት ከውስጡ ወለል ከፍ ማለት አለማለቱን ልብ ይበሉ። በኖራ የተሠራ ግድግዳ በሲሚንቶ ተለስኖ ከሆነ እርጥበቱ ወደ ውጭ የሚተንበት መንገድ ስለሚዘጋበት ወደ ክፍሉ ይዞራል፤ መፍትሔውም ልስኑን አንሥቶ በኖራ መተካት ነው። የራሰ ወፍራም ግድግዳ ለመድረቅ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት እንደሚፈጅ ከወዲሁ ማወቅ ያስፈልጋል።

የሚለካው አንጻራዊ እርጥበት ነው፤ ይኸውም አየሩ በዚያ ሙቀት ሊይዝ ከሚችለው የውሃ ተን ውስጥ ምን ያህሉን እንደያዘ የሚያሳይ መቶኛ ነው። አንድ ሜትር ኩብ አየር በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስከ 17 ግራም ገደማ ተን ሲይዝ፣ በ10 ዲግሪ ግን ከ9 ግራም ብዙም አያልፍም። በክፍሉ መካከል 50 በመቶ የነበረው አየር ቀዝቃዛ ግድግዳ አጠገብ ሲደርስ፣ አንዲት ጠብታ ሳይጨመርበት፣ 90 በመቶ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሻጋታውም ከቁም ሣጥን ጀርባ ይጀምራል፤ ሣጥኑን ከውጭ ግድግዳ ቢያንስ አንድ ጋት ያህል ያርቁት።

መለኪያውን ሳይፈትሹ አይመኑት። አንድ ማንኪያ የገበታ ጨው በጠርሙስ ክዳን ላይ አድርገው፣ ሳይሟሟ እርጥብ አሸዋ እስኪመስል ድረስ ጥቂት የውሃ ጠብታዎች ይጨምሩበት። ክዳኑንና መለኪያውን እርስ በርስ እንዳይነካኩ አድርገው አየር በማያስገባ ከረጢት ውስጥ ዘግተው፣ ሙቀቱ በማይለዋወጥበት ቦታ ያሳድሩ። ጠዋት 75 በመቶ አካባቢ ማንበብ አለበት፤ 69 ካለ፣ 6 ነጥብ እንደሚያጎድል ወረቀት ላይ ጽፈው ይለጥፉበት።

ከዚያ ቢያንስ አንድ ዓመት ሙሉ ይመዝግቡ። ከ70 በመቶ በላይ ለሳምንታት ከቆየ ሻጋታ አይቀርም፤ ከዚያ በታች ግን ለሁሉም ዕቃ የሚሆን አንድ ቁጥር መፈለግ፣ በእኔ አስተያየት፣ ብዙ ጉዳት ያደረሰ ልማድ ነው። ለመቶ ዓመታት በ65 በመቶ የኖረ፣ በእንጨት ላይ የተሣለ ሥዕል በድንገት ወደ 45 ቢወርድ እንጨቱ ይኮማተራል፣ ቀለሙም ይረግፋል። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው ኢኤን 15757 የተባለ የአውሮፓ ደረጃም መነሻ የሚያደርገው ዕቃው የለመደውን አየር ነው። የለንደኑ ብሔራዊ የሥዕል ቤተ መዘክር በ1941 እ.ኤ.አ. ሥዕሎቹን በዌልስ ማኖድ በተባለ የድንጋይ ካባ ውስጥ፣ አየሩ በማይዋዥቅበት ስፍራ ባስቀመጠ ጊዜ የቀለሙ መርገፍ በጉልህ ቀንሶ ነበር። ጨው ያደረበት ብረት ወይም ነሐስ ግን እጅግ ደረቅ የሆነ የራሱን ሣጥን ይሻል።

መስኮት መክፈት ሁልጊዜ አያደርቅም። ሞቃትና እርጥብ አየር ወደ ቀዝቃዛ ክፍል ከገባ ጠል ይፈጥራል፤ የሚከፈተው የውጭው አየር የያዘው ተን ከውስጡ ሲያንስ ብቻ ነው። ክፍሉን በጥቂት ዲግሪ ማሞቅም አንጻራዊ እርጥበቱን ይቀንሳል፤ ማሞቂያው ግን በሙቀት መቆጣጠሪያ ሳይሆን በእርጥበት መቆጣጠሪያ መብራትና መጥፋት አለበት፤ አለዚያ ለሰው ምቾት ሲባል ዕቃው ይደርቃል።

ማሽን የግድ ከሆነ፣ በማቀዝቀዝ የሚሠራው ዓይነት ከ15 ዲግሪ በታች ስለሚዳከም፣ ለቀዝቃዛ ክፍል በማድረቂያ ንጥረ ነገር የሚሠራው ይሻላል። ውሃውንም በቱቦ ወደ ውጭ ያስወጡት። ባልዲው ሲሞላ ማሽኑ ራሱን ያጠፋል፤ ባልዲው የሚሞላውም አብዛኛውን ጊዜ ሠራተኛ በሌለበት የበዓል ቀን ነው።