ዋልካው ማሳ ላይ የቋጠረውን ውሃ እንዴት አስወጣሁት
ጎንደር፣ ደምቢያ ያለው ማሳችን ዋልካ፣ ማለትም ጥቁር የሸክላ አፈር ነው። በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ ሐምሌ ላይ ውሃ ቋጥሮ ስንዴውን ቢጫ ያደርገዋል። አንድ ጎረቤታችን «ዩሪያ ማዳበሪያ ጨምርበት» አሉኝ። ቡቃያ ነቅዬ ሳይ ግን ሥሩ ጠቁሯል፣ አፈሩም ይሸታል። አየር አጥቷል።

ሰፊ መደብ አወጣን። መሣሪያው ሁለት ማረሻ ተጣምሮ የተሠራና በበሬ የሚጎተት ነው። 80 ሳንቲ ሜትር መደብ፣ 40 ሳንቲ ሜትር ቦይ። እርጥበቱ ልክ ሲሆን ነው የሚሠራው፤ ዋልካ ሲደርቅ አይበገርም፣ ሲርስ ማረሻ ላይ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ቦዩ ተዳፋቱን ይከተል፣ መውጫም ይኑረው። ውሃውን የሌላ ሰው ማሳ ላይ ከለቀቃችሁት ትርፉ ጭቅጭቅ ነው።

ሌላም ነገር አለ። አፈሩ ውስጥ ያሉት ነጫጭ ጠጠሮች ላይ ሎሚ ስጨምቅባቸው አረፋ አወጡ። ኖራ አለ፣ አፈሩ አልካላይን (የአሲዳማ ተቃራኒ) ነው። ስለዚህ ለአሲዳማ መሬት የሚባለው ኖራ እዚህ አይገባም። ዩሪያም ላዩ ላይ ተበትኖ ከቀረ አሞኒያ ሆኖ ይተናል፤ ውሃው ከወረደ በኋላ አፈር አለበስኩት።

አዲሱ ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ ወጥቷል። ሽምብራውን ግን እንደ ድሮው ክረምቱ ሲወጣ በቀረው እርጥበት እንዘራዋለን።