ሁለት ሥራ ከቀረበላችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት

ሁለት ድርጅቶች በአንድ ሳምንት «ኑ ፈርሙ» ካሏችሁ፣ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ፦ የነገራችሁኝ ደመወዝ ያልተጣራ ነው ወይስ የተጣራ? አንዱ ግሮሱን (ግብርና ጡረታ ሳይቆረጥ ያለውን)፣ ሌላው ኔቱን (እጃችሁ የሚገባውን) እየነገራችሁ ሊሆን ይችላል።

በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ፣ ከ14,000 ብር በላይ ያለው የደመወዝ ክፍል 35 በመቶ ይቆረጥበታል። ጡረታ ደግሞ 7 በመቶ አለ። ስለዚህ ከ14,000 ብር በላይ በሆነ ደመወዝ ላይ የ5,000 ብር ብልጫ ሲባል፣ እጃችሁ የሚገባው 2,900 ብር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አያት ሰፈር እየኖራችሁ ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ለመሥራት በቀን ስንት ታክሲ እንደምትይዙ ደግሞ ራሳችሁ አስሉት። ምሳም አለ።

መሠረታዊ ደመወዙንም ከአበሉ ለዩት። ጡረታ የሚታሰበው በመሠረታዊው ነው። ግማሹ በአበል የተሞላ ትልቅ ቁጥር እኔን ብዙም አያጓጓኝም። አበል ነገ ሊቀር ይችላል።

የሙከራ ጊዜውንም አትርሱ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ መሠረት እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቷችሁ ይችላሉ። ከቋሚ ሥራ የምትለቁ ከሆነ ይህን በደንብ አስቡበት።

ከአሁኑ ሥራችሁ ለመልቀቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለባችሁ። «ነገ ካልጀመራችሁ ይቅር» የሚል ቀጣሪ፣ በኋላም ጠባዩ ያው ነው። መልቀቂያ የምታስገቡት የተፈረመና ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ እጃችሁ ሲገባ ብቻ ይሁን። በስልክ «ጨርሰናል፣ አታስቡ» መባል ውል አይደለም።