የድሮ ባለሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ የፊት እንጨት ሲሰነጠቅ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአደን ባለሁለት አፈሙዝ ላይ ከበርሜሎቹ ስር ያለችው፣ የፊተኛው እጅ የሚይዛት እንጨት ስትሰነጠቅ አብዛኛው ሰው በቀጥታ ወደ ኮላ ነው የሚሮጠው። ያፈስበታል፣ በሞርሴቶ ጥርቅም አድርጎ ያስረዋል፣ በማግስቱ ሲያየው ደህና ይመስለዋል። ጥቂት ከተተኮሰ በኋላ ግን ስንጥቁ እዚያው ቦታ ላይ ይመለሳል። አሁን ደግሞ ውስጡ በደረቀ ኮላ ተሞልቷልና ለሚቀጥለው ጠጋኝ ሥራው እጥፍ ይሆናል።

ይህን የምጽፈው በተለይ አሜሪካ ሆናችሁ አደን ለጀመራችሁና አንድ አሮጌ ስቲቨንስ፣ ፎክስ፣ ኢታካ ወይም ኤል ሲ ስሚዝ እጃችሁ ለገባ ነው። እነዚህ ጠመንጃዎች ዕድሜያቸው ትልቅ ነው፣ ብረታቸው ግን አሁንም ይሠራል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚደክመው እንጨቱ ነው። የባሰውን ጉዳት የሚያደርሰው ደግሞ ስንጥቁ ሳይሆን ጥገናው ነው፤ እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ከሁሉ በፊት ጠመንጃውን ክፈቱና ሁለቱንም በርሜል በዓይናችሁ እዩ። ጥይቱን ከምትሠሩበት ክፍል አውጡት። ይህ ለድርድር አይቀርብም።

ምክንያቱን ሳያውቁ ስንጥቁን መድፈን

እንጨት ዝም ብሎ አይሰነጠቅም። የፊት እንጨቱ ውስጥ አንድ ብረት አለ፤ በብሎን ታስሮ ከጠመንጃው ማጠፊያ ጋር የሚገናኘው እሱ ነው። ጠመንጃው ሲተኮስም ሆነ ሲከፈት ጫናውን መሸከም ያለበት ይህ ብረት እንጂ እንጨቱ አይደለም። ብሎኖቹ ሲላሉ ብረቱ ውስጥ ለውስጥ መንቀሳቀስ ይጀምራልና በእያንዳንዱ ተኩስ ከኋላ ያለውን ቀጭን የእንጨት ጠርዝ ይመታዋል። ስንጥቁ አብዛኛውን ጊዜ ከኋለኛው ጥግ ወይም ከብሎን ቀዳዳ ተነስቶ የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ ወደ ፊት የሚሄደውም ለዚህ ነው። ኤል ሲ ስሚዝ ያላችሁ ሰዎች ደግሞ ሰደፉም ከጎን ብረቶቹ ኋላ ተሰንጥቆ አይታችሁ ይሆናል። ነገሩ አንድ ነው፤ ብረት እንጨትን ያለቦታው ሲገፋ ውጤቱ ይኸው ነው።

ሌላው ምክንያት መድረቅ ነው። ዋልነት (አብዛኞቹ እነዚህ እንጨቶች የሚሠሩበት ዛፍ) ሲደርቅ ወደ ጎን ይሸበሸባል፣ ብረቱ ግን አይሸበሸብም። እርጥበት ካለው ምድር ቤት ወጥቶ ማሞቂያ ያለበት ደረቅ ክፍል ውስጥ ክረምቱን የከረመ ጠመንጃ ሳይተኮስም ሊሰነጠቅ ይችላል።

ሦስተኛው የከፋው ነው። የፊት እንጨቱን አውልቁና ጠመንጃውን ዝጉት፣ ከዚያ በርሜሉንና ሰደፉን ይዛችሁ ነቅነቅ አድርጉት። የሚንቋቋ ከሆነ በርሜሉ ከመቀመጫው ላልቷል ማለት ነው። የፊት እንጨቱ በቦታው እያለ ይህ ላይታወቅ ይችላል፣ ምክንያቱም የፊት እንጨቱ ስፕሪንግ በርሜሉን ወጥሮ ይይዘዋል። እንዲህ ከሆነ እንጨቱን ተዉትና ቀድማችሁ ወደ ጠመንጃ ሠሪ ሂዱ። የላላ በርሜል ላይ የተጠገነ እንጨት ዕድሜ የለውም።

ስንጥቁ የት ድረስ እንደሄደ ማየት ከፈለጋችሁ በናፍታ (የመኪናው ነዳጅ ሳይሆን ቀለም ቤት የሚሸጠው ማቅጠኛ) የተነከረ ጨርቅ አሳልፉበትና ጠብቁ። ላዩ ቶሎ ይደርቃል፤ ስንጥቁ ውስጥ የገባው ግን ዘግይቶ ስለሚደርቅ ጥቁር ፀጉር የመሰለ መስመር ሆኖ ይታያል። ብዙ ጊዜ በዓይን ከሚታየው ርቆ የሄደ ነው።

ሲፈቱ መስበር

የፊት እንጨት አወላለቅ እንደየጠመንጃው ይለያያል። ስቲቨንስና ፎክስን የመሳሰሉት ከጫፉ ወደ ታች ሲሳቡ ይለቃሉ። አንዳንድ ፓርከሮች ግን ከስር ትንሽ ማንሻ አላቸው። ማንሻውን ሳያነሳ እንጨቱን የሚጎትት ሰው በገዛ እጁ ይሰነጥቀዋል። ብዙዎቹ የእንግሊዝ ጠመንጃዎች ደግሞ ጫፉ ላይ የሚጫን ቁልፍ አላቸው።

መመለሱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የእንግሊዞቹ ዓይነት አሠራር ባላቸው ጠመንጃዎች በርሜሉ ወልቆ እያለ ቃታ ከሳባችሁ መወጠሪያዎቹ (መምቻዎቹን የሚወጥሩት ክንዶች) ቦታቸውን ይለቃሉ፤ ከዚያ የፊት እንጨቱ አልገባም ይላል። አልገባም ሲል በመዳፍ የሚመታው ሰው አለ። አትምቱት! መጀመሪያ መወጠሪያዎቹን ወደ ቦታቸው መመለስ ነው። ብረት ለብረት የሚሽከረከርበትን ማጠፊያም ቅባት ቀቡት፣ ትንሽ ይበቃል። ደረቅ ማጠፊያ በተከፈተ ቁጥር እንጨቱን ይጎትተዋል።

ብሎኖቹን በቤት ካቻቪቴ አትንኩ። የነዚህ ጠመንጃዎች ብሎን ራሱ ላይ ያለው የካቻቪቴ ማስገቢያ ጠባብ ነው፤ ጫፉ እየሳሳ የሚሄድ ተራ ካቻቪቴ ይንሸራተትና የብሎኑን ራስ ይልጠዋል፣ አንዳንዴም እንጨቱን ይፍቀዋል። ጫፉ ትይዩ ሆኖ የተሞረደ፣ ለጠመንጃ ተብሎ የተሠራ ካቻቪቴ ግዙ። የትኛው ብሎን ከየት እንደወጣ በካርቶን ላይ እየሰካችሁ ምልክት አድርጉበት፤ በጥሩዎቹ ጠመንጃዎች ላይ እያንዳንዱ ብሎን ለገዛ ቀዳዳው የተስተካከለ ስለሆነ ቢቀያየሩ አይገጥሙም።

ዘይት የጠጣ እንጨት ላይ ኮላ ማፍሰስ

ጥገናው ሳይዝ የሚቀረው በአብዛኛው በዚህ ነው። አስቡት፣ ይህ እንጨት ለብዙ ዓመታት ዘይት ሲቀቡት ከኖሩ በርሜሎች ስር ነው የተቀመጠው። ውስጡ ጥቁር ሆኖ ታዩታላችሁ። ያ ጥቁረት ዕድሜ ብቻ አይደለም፣ ዘይት ነው። ዘይት ላይ ደግሞ የትኛውም ኮላ አይዝም።

ብረቱን በሙሉ አውጡና ውስጡን በአሴቶን ደጋግማችሁ እጠቡት። ከዚያ ነጭ የጠመኔ ዱቄት በአሴቶን ለውሳችሁ እንደ ሊጥ ለጥፉበት። አሴቶኑ ሲተን ዱቄቱ ዘይቱን ይስበዋል፣ ነጩም ወደ ቢጫና ቡናማ ይለወጣል። አራግፉት፣ እንደገና ለጥፉ። ዱቄቱ ነጭ ሆኖ ደርቆ እስኪቀር ድረስ መደጋገም አለበት፣ ቀናት ቢፈጅም። አንድ ጊዜ አድርጎ ጠራ ብሎ የሚቸኩል ሰው የቀረውን ዘይት ሙሉ ጥገናው ከተበላሸ በኋላ ነው የሚያገኘው። አሴቶን የድሮውን ቀለም እንደሚያነሳ ደግሞ እወቁ፤ ላዩን ማዳን ከፈለጋችሁ ውስጡን ብቻ በብሩሽ ሥሩ።

ይህን ሁሉ ውጭ ወይም መስኮት ከፍታችሁ ነው የምትሠሩት። እሳት፣ ሲጋራ፣ ምድጃ አጠገቡ አይኑር። ዘይቱ እንዲወጣ ብለው እንጨቱን ኦቭን ውስጥ የሚከቱም አሉ። እንጨቱ ይጣመማል፣ ስንጥቁ ይሰፋል፣ በአሴቶን የራሰ ከሆነ ደግሞ ቤት ያቃጥላል።

እግረ መንገዴን ስለ ሙቀት ልጨምር። የፊት እንጨቱ የሚንጠለጠልበት፣ በርሜሎቹ ስር ያለው ትንሽ ብረት በብዙ ጠመንጃዎች ላይ የተያዘው በሊድና በቆርቆሮ ቅይጥ ብየዳ (ሶልደር) ነው። ይህ ቅይጥ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይቀልጣል። በርሜሉን በጋዝ እሳት የሚያሞቅ ሰው እሷን ብቻ ሳይሆን በሁለቱ በርሜሎች መካከል ያለውን ዘንግም ሊያስለቅቅ ይችላል። ይህ ከእንጨት ጥገና በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ወጪ ነው።

የተገኘውን ኮላ መጠቀም

ነጩ የአናጺ ኮላ ለወንበር ጥሩ ነው፤ እዚህ ግን በጫና ስር ቀስ በቀስ ይለቃል። የሚያብጠው ፖሊዩሬቴን ኮላ ደግሞ አረፋው ስንጥቁን ከፍቶ ይገፋዋል። ባለ 5 ደቂቃው ኢፖክሲ ወፍራም ነው፣ ወደ ስንጥቁ ጥግ ሳይደርስ ይጠነክራል። የሚያስፈልገው ቀስ ብሎ የሚደርቅ፣ ቀጠን ያለ ኢፖክሲ ነው። ብራውኔልስ የሚሸጠው አክራግላስ ለዚሁ ሥራ የታወቀ ነው፣ ከእንጨቱ ጋር እንዲመሳሰል ማቅለሚያም አብሮት ይመጣል። መጠኑን በግምት አትቀላቅሉ፣ የታሸገበት ላይ የተጻፈውን ተከተሉ። ፀጉር ለምታክል ስንጥቅ ውሃ የመሰለው ሱፐር ግሉ ይበቃል።

ኮላው መግባቱን ማረጋገጥ ግን የእናንተ ሥራ ነው። ስንጥቁን በጣት ገፋ አድርጋችሁ በጣም ትንሽ ክፈቱት፤ በኃይል ከሆነ ይረዝማል። ኢፖክሲውን ላዩ ላይ አድርጉና በፀጉር ፎን ለብ አድርጉት፣ ሲሞቅ ይቀጥናል። የጥርስ ክር ስንጥቁ ውስጥ አስገብታችሁ ወዲያና ወዲህ ሳቡት። ክሩ ኮላውን ይዞ ይገባል። ከወዲያኛው ጎን ኮላው ጤዛ መስሎ ብቅ ሲል ያኔ ሞልቷል። የተረፈውን ሳይደርቅ በአልኮል ጥረጉት። እጅ እንዳያንሸራትት እንጨቱ ላይ የተቀረጸው ጥርስ ውስጥ የገባ ካለ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አውጡት፣ ከደረቀ በኋላ ማውጣት መከራ ነው።

ብረቱን መልሳችሁ በቦታው አድርጋችሁ የምታጣብቁ ከሆነ ሰም ቀቡት፣ የብሎን ቀዳዳዎቹንም በሸክላ ጭቃ ድፈኑ። ያለበለዚያ ብረቱና እንጨቱ ለዘላለም አንድ ይሆናሉ።

በሞርሴቶ መጨፍለቅ

የፊት እንጨት ውስጡ ቦይ ነው፣ በርሜሎቹ የሚቀመጡበት። ከሁለት ጎን ስትጨምቁት ቦዩ ይጠብና በዚያው ቅርጽ ይደርቃል። ከዚያ በርሜሉ አይገባም፣ በግድ ስታስገቡት ያጣበቃችሁት ይከፈታል። ስለዚህ ከማሰራችሁ በፊት በርሜሎቹን በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ቦዩ ውስጥ አስቀምጡ። ለማሰር ደግሞ የብስክሌት ካላማዳሪያን የሚያህል የለም። ቀጭን ቀጭን አድርጋችሁ ቁረጡና እየወጠራችሁ ጠምጥሙት። የእንጨቱን ቅርጽ ተከትሎ እኩል ይይዛል፣ ጠባሳም አይተውም። ከመጠን በላይ ካጠበቃችሁት ግን ኮላው በሙሉ ይወጣል፣ ስንጥቁ ደረቁን ይቀራል። ስንጥቁ ከገጠመ በቂ ነው።

ሚስማርና ሽቦ

ከዚህ ቀደም በሌላ ሰው የተጠገኑ እንጨቶች ውስጥ ሚስማር ማግኘት የተለመደ ነው። ሚስማሩ ራሱ ይሰነጥቃል፣ ይዝጋል፣ ዋልነትም ብረት ሲነካው በዙሪያው ይጠቁራል። ማጠናከሪያ ካስፈለገ ከውስጥ በኩል፣ በርሜሉ በሚሸፍነው ቦታ፣ በቀጭን ፑንታ በስታችሁ ጥርስ ያለው የነሐስ ዘንግ በኢፖክሲ አስገቡ። ከመብሳታችሁ በፊት የእንጨቱን ውፍረት ለኩ። በአንዳንዱ ቀጭን እንጨት ላይ ለፑንታ የሚሆን ቦታ ጨርሶ የለም፤ እዚያ ላይ ቀጭን የፋይበርግላስ ጨርቅ ከውስጥ መለጠፍ ይሻላል፣ በርሜሉን እስካልነካ ድረስ።

አሸዋ ወረቀት ማብዛት

እንጨቱ ፋብሪካ ሲወጣ ከብረቱ በስስ ከፍ ብሎ ነው የተሠራው። አንድ ጊዜ ከብረቱ በታች ከወረደ መመለሻ የለውም፣ የተቀረጸው ጥርስም አብሮ ይሄዳል። የጠገናችሁበትን ቦታ ብቻ በቀስታ አስተካክሉ። በላዩ ላይ የሚያብረቀርቅ ወፍራም ቬርኒሽ መቀባት ፓርከርን ወይም ኤል ሲ ስሚዝን ለሚያውቅ ገዢ ዋጋውን ወዲያው ይጥለዋል። የተልባ ዘይት በስሱ እየቀቡ ማድረቅ ይበቃል። የውስጡንም ገጽ ቀቡት፣ ካልሆነ ዘይትና እርጥበት ከዚያው ይገባል። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨማድዶ ሲጣል በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ስለሚችል ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት።

የሌላ ጠመንጃ እንጨት መግዛት

«አንድ ዓይነት ሞዴል ነው» ብሎ ኢንተርኔት ላይ የፊት እንጨት ማዘዝ ብዙ ሰው ያከስራል። እነዚህ በእጅ የተገጣጠሙ ናቸው። ብዙ ጠመንጃዎች ላይ የፊት እንጨቱ ብረት የጠመንጃውን ቁጥር ይዟል፣ ካልተመሳሰለ ጠመንጃው ዋጋ ያጣል። የራሱን መጠገን ከተቻለ መጠገን ነው። እግረ መንገዳችሁንም እንጨት መሆኑን አረጋግጡ፤ በ1940ዎቹ ስቲቨንስ አንዳንድ ጠመንጃዎቹን ቴናይት ከሚባል ፕላስቲክ ጋር ሸጧል። ከሩቅ እንጨት ይመስላል፣ አጠጋገኑ ግን ሌላ ነው።

ገጥሞ መተኮስ

ደረቀ ማለት አለቀ አይደለም። ብረቱን በሻማ ጥላሸት በስሱ አጥቁሩና አስገብታችሁ አውጡት። እንጨቱ ላይ የጠቆረው ቦታ የሚነካካው ቦታ ነው። ብረቱ እኩል መቀመጥ አለበት፤ በኋለኛው ቀጭን ጠርዝ ላይ ጥቁረት ካያችሁ እዚያ እየገፋ ነውና በስለት ፋቅ ፋቅ አድርጋችሁ ክፍተት ስጡት።

ከዚያ ጥይቱ። ብዙ የድሮ ባለሁለት አፈሙዞች፣ በተለይ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩት፣ ጥይቱ የሚገባበት ቤት ከዛሬው መደበኛ 70 ሚሊሜትር ያጠረ ነው። 65 ሚሊሜትር የሆኑ ሞልተዋል። ረጅሙ ጥይት ገብቶ ይዘጋል፣ ሲተኮስ ግን ግፊቱ ይጨምራል። ጠመንጃ ሠሪ ይለካላችሁ፣ ልኩን ስታውቁ ከሱ ጋር የሚስማማ ቀለል ያለ ጥይት ተጠቀሙ። በርሜሉ የደማስቆ ዓይነት ጥለት (የተጠማዘዘ ብረት የሚመስል ሞገድ) ካለው ደግሞ ሳይመረመር አንድም አትተኩሱበት።

ሥራው ከአቅም በላይ ከሆነ አሜሪካ ውስጥ በፌዴራል ሕግ እንደ መሣሪያ የሚቆጠረው ዋናው አካል እንጂ የፊት እንጨቱ አይደለም፤ ስለዚህ እንጨቱን ብቻ በፖስታ ለባለሙያ መላክ ይቻላል። ብረቱን አብራችሁ ላኩ። እናንተው ከጠገናችሁት ደግሞ ከመጀመሪያው ተኩስ በኋላ ብሎኖቹን አጥብቁና ያን የናፍታ ጨርቅ አንድ ጊዜ አሳልፉበት፤ ጥቁሩ መስመር ካልታየ ጥገናው ይዟል።