የአሮጌ መኪና ፍሬን ማስተር ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከማዘጋጃ ቤት ተነስቶ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል የሚወርድ ሰው ፍሬኑን ማመን አለበት። መኪናው ሃምሳ ዓመት ያለፈው ቮልስ ወይም ፊያት ሲሆን ደግሞ ማመኑ ቀላል አይደለም። ሶማሌ ተራ ገብተው ማስተር፣ ማለትም የፔዳሉን ጉልበት ወደ ዘይት ግፊት ቀይሮ ወደ ጎማዎቹ የሚልከውን ክፍል፣ ሲጠይቁ የሚመጣው ጥያቄ «የምን መኪና ነው?» የሚል ነው። ይህ አይበቃም። ማስተር የሚመረጠው መኪናው ላይ ባለው ፍሬን እንጂ በመኪናው ስም አይደለም።

ማስተሩ መበላሸቱን ሳያረጋግጡ መግዛት

ፔዳሉ ስለወረደ ብቻ ማስተር አይቀየርም። ደጋግመው ሲረግጡት ከፍ ካለ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት ያልተስተካከለ የፍሬን ሸራና መስመሩ ውስጥ የገባ አየር ናቸው። ትራፊክ መብራት ላይ ረግጠው እንደያዙት ቀስ እያለ ወደ ወለሉ ከሰመጠ፣ ጎማዎቹም ጋ ሆነ ቱቦዎቹ ላይ የሚያፈስ ነገር ከሌለ፣ ያኔ የማስተሩ ጎሚኒ (ውስጡ ዘይቱን የሚያግደው ላስቲክ) አልያዘም ማለት ነው።

ሊብሬ ላይ ባለው ዓመት መግዛት

ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው ቮልስ ባለ ሁለት መስመር ማስተር (አንዱ መስመር ቢያፈስ ሌላው የሚይዝ) ያገኘው ከ1967 ሞዴል ጀምሮ ነው፤ ዓመቱ በፈረንጆች ነው። ለሌሎች አገሮች የተሠሩት ብዙዎቹ ከዚያ በኋላም በአንድ መስመር ቀጥለዋል። በዚያ ላይ መኪናው በስንት ጋራዥ አልፏል! ስለዚህ ሊብሬውን ትተው የፊተኛውን ግራ ጎማ ያውልቁና ማስተሩን ራሱን ይዩት። ከላይ ዘይት የሚያመጣለት ቱቦ አንድ ነው ወይስ ሁለት? የፍሬን መብራት ስዊች ስንት አለው? በስልክ ፎቶ አንስተው ይሂዱ። አሮጌውን ፈትተው ይዘው ቢሄዱማ የበለጠ ነው።

ፊያት 124 ያላቸውም ይጠንቀቁ። «ከላዳ ጋር አንድ ነው» ይባላሉ። ላዳ ከፊያት 124 መወለዷ እውነት ነው፤ ግን ፊያቱ አራቱም እግር ዲስክ (ሸራው ከሁለት በኩል የሚጨብጠው ክብ ብረት) ሲሆን፣ ሶቪየቶች የላዳን ኋላ በታምቡር (ሸራው ከውስጥ የሚገፋው ከበሮ) ቀይረውታል። ወንድማማች መሆናቸው አንድ ዓይነት ፍሬን አያሰጣቸውም።

«ተለቅ ያለው ይሻላል» ብሎ ማሰብ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የማስተሩ የውስጥ ስፋት ብዙ ጊዜ ገላው ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ካልተገኘ ቶርኖ ቤት ጎራ ብሎ ማስለካት ነው። የመኪናዎ 19.05 ሚሊሜትር ሆኖ ሻጩ 22.2 ቢሰጥዎ ልዩነቱ ለዓይን ኢምንት ነው። የፒስተኑ ፊት ግን በ36 በመቶ ገደማ ይሰፋል። እግርዎ የሚረግጠው በዚያው ጉልበት ስለሆነ፣ ወደ ጎማ የሚሄደው ግፊት ከሩብ በላይ ይቀንሳል። የሚያታልለው ነገር ፔዳሉ አጭርና ጠንካራ መሆኑ ነው። ጋራዥ በር ላይ ሲሞክሩት «አሪፍ ሆነ!» ያሰኛል። ጉዱ የሚታየው ሰው ጭነው ቁልቁለት ላይ ሲሆኑ ነው። ጠበብ ያለው ደግሞ ግፊቱን ይጨምራል፤ ነገር ግን የሚገፋው ዘይት ትንሽ ስለሆነ ሸራው በደንብ ሳይይዝ ፔዳሉ ወለል ሊነካ ይችላል።

ከዚህ ጋር የሚያያዘው ሰርቮ፣ ማለትም ፍሬን ሲረግጡ እግርን የሚያግዘው መሣሪያ ነው። ሰርቮ ለተገጠመለት መኪና የተሠራ ማስተር ብዙ ጊዜ ሰፊ ነው፤ የሚያግዘው አለውና። ሰርቮ የሌለው ቮልስ ላይ ሲገጠም እግርን ያደክማል። ሰርቮ ያለው መኪናም ቢሆን እዚህ ከተማ እንደ ጅቡቲ አያግዝም። የሚሠራው በአየር ግፊት ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያንሳል። ስፋቱን ከፍ ለማድረግ የሚያስብ ሰው ይህንንም ያስላ።

የታምቡሩን ለዲስክ መግጠም

ለታምቡር የተሠሩ ብዙ የድሮ ማስተሮች እግር ከተነሳ በኋላም መስመሩ ውስጥ ትንሽ ግፊት የምታስቀር ቫልቭ አለቻቸው። ለታምቡር ጥሩ ናት። ፊቱን ወደ ዲስክ ያስቀየረ መኪና ላይ ግን ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ጎማው ይግላል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ዲስኩ ይቃጠላል።

ጥርሱን ሳያመሳክሩ ማጥበቅ

የቮልስ ቱቦ ጥርስ 10 ሚሊሜትር፣ እርምጃው (ከአንዱ ጥርስ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት) 1 ሚሊሜትር ነው። የእንግሊዝና የአሜሪካ መኪኖች ላይ የሚበዛው የኢንች ጥርስ 9.5 ገደማ ነው። የኢንቹ በቮልሱ ቀዳዳ ውስጥ ላላ ብሎ ይገባል፤ ሲጠብቅ ወይ ይበላል ወይ ያፈሳል። በእጅ ሲዞር ከተወዛወዘ ይቅር።

«ኦሪጅናል ነው፣ ካርቶኑ አልተከፈተም»

ካርቶኑ ሠላሳ ዓመት መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ ጎሚኒው ውስጥ ሆኖ አርጅቷል። ያስከፍቱት፣ ውስጡን በስልክ መብራት ይዩት። ዝገት ጉድጓድ ከቆፈረበት ጎሚኒ መቀየር ብቻ አያድነውም። ያገለገለም ቢሆን ሕጉ ያው ነው። በአሸዋ ወረቀት አሽቶ «አዲስ አደረግኩልህ» የሚል መካኒክ ስፋቱን እያበላሸ ነው። ውስጡ በዕውቀት እጀታ (የተበላውን ግድግዳ የሚተካ ቀጭን የብረት ቱቦ) ገብቶለት ወደ ቀድሞ ልኩ የተመለሰ ግን ከርካሽ አዲስ ይበልጣል።

ዘይቱን በተመለከተ አጭር ነው፤ መኪናው የሚፈልገው ዶት 3 ወይም ዶት 4 ከሆነ ሌላ አይጨመርበትም። የሞተር ወይም የመሪ ዘይት ጎሚኒውን ያሳብጠዋል።

የመግፊያዋ ዘንግ ክፍተት

ቮልስ ላይ ከፔዳሉ በምትመጣው ዘንግና በማስተሩ ፒስተን መካከል 1 ሚሊሜትር ገደማ ክፍተት መኖር አለበት። አዲሱ ማስተር ከአሮጌው በጥቂቱ ቢለይ ክፍተቱ ይጠፋል። ያኔ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስባት ቀዳዳ እንደተደፈነች ትቀራለች። ጠዋት ምንም አይልም። ከፒያሳ ስታዲየም ደርሶ ሲመለስ ዘይቱ ይሞቃል፣ ይለጠጣል፣ መኪናው በራሱ ፍሬን ይይዛል። እንዲህ ካጋጠመዎ ሌላ ማስተር ከመግዛትዎ በፊት ዘንጓን ያስተካክሉ።