የፎርሙላ ዋን የሙከራ ሰዓቶችን ስናነብ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የፎርሙላ ዋን ቡድኖች የውድድሩ ዘመን ከመከፈቱ በፊት አዳዲስ መኪኖቻቸውን ሲፈትሹ፣ በየዕለቱ ማምሻ የሚወጣውን የሰዓት ዝርዝር እንደ ደረጃ ሰንጠረዥ የሚያነብ ሰው አይታጣም። እኔም እ.ኤ.አ. በ2019 ይህንኑ አድርጌአለሁ። በባርሴሎናው ሙከራ ማብቂያ ሰባስቲያን ፌትል በፌራሪ አንድ ዙር በ1 ደቂቃ ከ16.221 ሰከንድ ሲያጠናቅቅ፣ ሉዊስ ሃሚልተን በመርሴዲስ የዘገየው በሦስት ሺሕኛ ሰከንድ ብቻ ነበር። ሁለቱ ቢያንስ እኩል ናቸው ብዬ ለወዳጆቼ በሙሉ ልብ ተናገርሁ። በሜልበርን በተካሄደው የመጀመሪያ ውድድር ግን ቫልተሪ ቦታስ በመርሴዲስ ሲያሸንፍ፣ ፌትል ከ57 ሰከንድ በኋላ አራተኛ ሆኖ ገባ።

የዘነጋሁት ነዳጁን ነው። በዚያ ዓመት በወጣው ሕግ አንድ መኪና ለውድድር እስከ 110 ኪሎ ግራም ነዳጅ እንዲጠቀም ይፈቀድለት የነበረ ሲሆን፣ በሙያው እንደሚታወቀው እያንዳንዱ 10 ኪሎ ግራም መኪናውን በአንድ ዙር ሦስት ዐሥረኛ ሰከንድ ያህል ያዘገየዋል። ስለዚህ አንዱ 10 ሌላው 60 ኪሎ ግራም ጭነው የወጡ ሁለት እኩል መኪኖች በአንድ ሰከንድ ተኩል ይለያያሉ።

ከውጭ ሆኖ ነዳጁን መመዘን ባይቻልም፣ ዙር በመቁጠር ትንሹን መጠን መገመት ይቻላል። ለምሳሌ የባህሬን ውድድር 57 ዙር ስለሆነ፣ በዚያ የ110 ኪሎ ግራም ሕግ ፍጆታው በዙር ሁለት ኪሎ ግራም ገደማ ነበር፤ እንግዲህ ፒት (መኪናው ቆሞ ቡድኑ የሚያገለግልበት ስፍራ) ሳይገባ 20 ዙር የነዳ አሽከርካሪ ሲነሣ ቢያንስ ወደ 40 ኪሎ ግራም ይዞ ነበር ማለት ነው። ሦስት ዙር ብቻ ነድቶ የተመለሰው ግን ዐሥርም ሰባም ይዞ ሊሆን ይችላል። ጀማሪዎች አጭር ጉዞ ባዩ ቁጥር መኪናው ቀላል ነበር ብለው የሚደመድሙት ይህን ባለማስተዋል ነው፤ እባካችሁ፣ የዙሩ ቁጥር የሚነግረን ከዚህ አያንስም የሚለውን ብቻ ነው።

ለ15 ተከታታይ ዙሮች ሰዓቱ ካልተለወጠ ጎማው አልተበላም ማለትም ትክክል አይደለም። ነዳጁ እየተቃጠለ መኪናው ሲቀልል በየዙሩ ስድስት መቶኛ ሰከንድ ያህል መፍጠን ይገባው ነበርና፣ በ15ኛው ዙር ጎማው ከስምንት ዐሥረኛ ሰከንድ በላይ አጉድሎበታል። የጎማውን ዓይነትና የቀኑን ሙቀት ሳያዩ ማነጻጸርም ዋጋ የለውም።

በተቃራኒው፣ ፈጣን ሰዓትን ሁሉ ለማስታወቂያ የተደረገ ነው ብሎ መጣልም ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ዣን አሌዚ በፕሮስት ቡድን መኪና በሙከራው ሲፈጥን መኪናው ከሚገባው በላይ ቀሎ ነበር ተብሎ በሰፊው ተጠረጠረ፤ ቡድኑም በዓመቱ ያገኘው አራት ነጥብ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2009 ብራውን የተባለው አዲስ ቡድን በባርሴሎና ሲፈጥን ብዙዎች ያንኑ ጥርጣሬ ደገሙት፤ ጄንሰን በተንና ሩቤንስ ባሪኬሎ ግን የቡድኑን የመጀመሪያ ውድድር በሜልበርን አንደኛና ሁለተኛ ሆነው ጨረሱ፤ በተንም ከመጀመሪያዎቹ ሰባት ውድድሮች ስድስቱን አሸነፈ።