በባቡሩ ሐዲድ ዳር ታሪክን ማስተማር

በአቃቂና በአካባቢዋ ለሚያስተምር የታሪክ መምህር፣ የቀድሞው የባቡር ሐዲድ ከመማሪያ መጽሐፉ ቀጥሎ የሚገኝ ትልቅ መርጃ ነው። ትምህርቱ ግን ከዓመተ ምሕረት ሳይሆን ከጥያቄ ቢነሣ ይሻላል። «ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በዕድሜ የምትቀድመውን ሐረርን ትቶ በቆላው ለምን አለፈ?» የሚለው ጥያቄ ከካርታ ጋር ሲቀርብ፣ ተማሪዎች ዳገቱንና የግንባታውን ወጪ አገናዝበው መልሱን ራሳቸው ይደርሱበታል፤ ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከሐዲዱ ጋር መቆርቆሯንም ሳይሸመድዱ ይይዙታል።

ሰፊ ጊዜ የሚሻው የአዛውንቶችን ቃል ማሰባሰብ ነው። «ድሮ ኑሮ እንዴት ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ምርቃትና ትዝታ ይዞ ይመለሳል እንጂ ማስረጃ አያገኝም። ስለዚህ ጥያቄዎቹ አስቀድመው ክፍል ውስጥ ይዘጋጁ፦ ባቡሩ በሳምንት ስንት ቀን ያልፍ ነበር? ምን ጭኖ ይመጣ ነበር? ጣቢያው በር ላይ ማን ምን ይሸጥ ነበር? ይህን በዓይንዎ አይተዋል ወይስ ከሰው ሰምተው ነው? ከሁሉም የምትበልጠው የመጨረሻዋ ናት። አፋን ኦሮሞ የሚናገሩ አዛውንቶችን ቋንቋውን የሚያውቁ ተማሪዎች ቢያነጋግሯቸው ጨዋታው ይሰፋል።

የሁለት አዛውንቶች ቃል ሲጋጭ መምህሩ ለመፍረድ መቸኮል የለበትም። ቃላቸውን ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ጽፎ፣ ማን የት ቆሞ እንዳየና ያኔ ዕድሜው ስንት እንደነበረ ተማሪዎቹን ያመራምራቸው፤ ጣቢያው ላይ ትነግድ የነበረች እናትና የሐዲድ ሠራተኛ የነበሩ አባት አንዱን ባቡር በተለያየ ዓይን ማየታቸው አይቀርም። ስድሳና ሰባ ተማሪ ባለበት ክፍል ሁሉንም ይዞ መውጣት ስለማይቻል፣ እያንዳንዱ ቡድን በየሰፈሩ አንድ ሰው አነጋግሮ አንድ ገጽ ይጻፍ።

የዘመን አቆጣጠርንም እግረ መንገድ ማስተካከል ይገባል፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ባለው ጊዜ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ሲደመር የፈረንጆቹ ዓመት ይገኛል። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባበት የ1909 ክረምት መግቢያ በፈረንጆቹ 1917 የሚሆነው በዚሁ ነው።

ለፈተና «ባቡሩ መቼ ገባ?» ከማለት፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መስመር የመንገደኞች መነሻ ጣቢያውን ለምን በከተማዋ ዳርቻ፣ ለቡ በኩል እንዳደረገ ተማሪው በሁለት ማስረጃ እንዲያስረዳ መጠየቅ ይበልጣል። ከነጥቡ ግማሹ ለማስረጃዎቹ ይያዝ።